ስማችንን ይዛ የምትዞረው ድመት

የድመት ዝርያዎች በላቲን ፊደል ተራ ሲደረደሩ ዝርዝሩን አብዛኛውን ጊዜ የምትከፍተው "አቢሲኒያን" ናት። ኢትዮጵያን ካርታ ላይ ፈልጎ የማያገኝ የውጭ አገር ድመት ወዳጅ እንኳ ይህችን ድመት ያውቃታል። አዲስ አበባ ላይ ግን "እኛ ቤት አቢሲኒያን አለች" የሚል ሰው ማግኘት ብርቅ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ልጅዎ ፎቶዋን ስልክ ላይ አይቶ "የእኛ አገር ድመት እኮ ናት፣ እንግዛት!" ቢልዎት የሚመልሱትን አስቀድመው ቢያዘጋጁ አይከፋም።

በመጀመሪያ፣ እውነት የእኛ ናት? ታሪኳ ከእኛ ጋር የሚገናኘው በመቅደላ በኩል ነው። በ1860 ዓ.ም. በአፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ "ዙላ" የተባለች ድመት አብራ ወደ እንግሊዝ እንደተወሰደች ይነገራል። ዙላ ጦሩ ከመርከብ የወረደበት የቀይ ባሕር ጠረፍ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ስለ ድመቶች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ሥዕሏ ወጥቷል። ሥዕሉን ከዛሬዋ አቢሲኒያን ጋር ሲያስተያዩት ግን ጆሮዋ ትንሽ ነው፤ ብዙም አትመሳሰላትም። የዘረመል ጥናት ደግሞ የዝርያዋን መነሻ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ይወስደዋል።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ይህ ብዙም አያስገርመኝም። ያኔ የመቅደላ ዜና በእንግሊዝ ጋዜጦች ላይ ሲጻፍ ከርሟል፤ ወሬው ትኩስ የሆነ የሩቅ አገር ስም ለአንድ ድመት ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። ይኸው ዘዴ ከመቶ ዓመት በኋላም ሠርቷል። ከአቢሲኒያን የሚወለዱትን ፀጉረ ረጃጅም ድመቶች አሜሪካ ውስጥ "ሶማሊ" ያሏቸው ሶማሊያ የኢትዮጵያ ጎረቤት ስለሆነች ብቻ ነው። ድመቶቹ ሞቃዲሾን አያውቋትም። "የአገሬ ድመት ናት" የሚለው ብቻውን የመግዣ ምክንያት አይሆንም ለማለት ነው።

መልኳ ግን በእርግጥ ዓይን ይስባል። እያንዳንዷ የፀጉር ዘለላ ከሥር እስከ ጫፍ ፈዛዛና ጥቁር ቀለም እየተፈራረቀባት ስለምትወጣ፣ ከሩቅ ሲያዩት ገላዋ የዱር ጥንቸል ይመስላል። በብዛት የምትታወቀው በቀይ ዳማ ቀለሟ ነው፤ ቀረፋ የሚመስል፣ ግራጫና ፈዛዛ ቡናማም አሉ። ወርቃማ ወይም አረንጓዴ ዓይኖቿ ዙሪያቸው ጥቁር ስለሆነ የተኳለች ትመስላለች። ክብደቷ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ቢሆን ነው። ስለ ቀረፋ ካነሳን አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነው የመጀመሪያው የድመት ሙሉ የዘረመል ንባብ የተሠራው በአሜሪካ ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ በነበረች አቢሲኒያን ላይ ሲሆን፣ ስሟም ሲናሞን፣ ማለትም ቀረፋ፣ ነበር።

ጭን ላይ ተጠቅልላ የምትውል ድመት ከፈለጉ ይህችን አይምረጡ። አቢሲኒያን ሰው ትወዳለች፤ ፍቅሯን የምትገልጸው ግን በመከታተል ነው። ምግብ ሲሠሩ አጠገብዎ ናት፣ ልብስ ሲያጥፉ ቅርጫቱ ውስጥ ናት፣ ላፕቶፕ ሲከፍቱ ደግሞ ኪቦርዱ ላይ። ከፍታ ትወዳለች፤ የፍሪጁ አናት፣ ቁም ሳጥኑ፣ የመጋረጃው ዘንግ ሁሉ መንገዷ ነው። ብፌዎ ላይ የደረደሯቸው የሠርግ ብርጭቆዎች ካሉ ቦታ ይቀይሩላቸው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ከልጆች ጋር ትስማማለች፣ አድጋም ጨዋታ አታቆምም። ከ12 እስከ 15 ዓመት ልትኖር ስለምትችል ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባው ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ሲገባም ቤትዎ ልትሆን ትችላለች።

ትልቁ ጥያቄም እዚህ ላይ ነው፤ ከዋጋዋ በላይ ሊያስቡበት የሚገባው ጊዜዎን ነው። ባልና ሚስት በማለዳ ወጥተው ሲመሽ የሚገቡበት፣ ልጆቹም ትምህርት ቤት የሚውሉበት ቤት ለዚህች ድመት አይሆንም። ብቻዋን የምትውል አቢሲኒያን መሰልቸቷን ሶፋው ላይ ትወጣዋለች፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ቆዳቸው እስኪታይ ድረስ ፀጉራቸውን ይልሳሉ። ቤት የሚውሉ አያት ካሉ ነገሩ ይቀላል። የቤት ሠራተኛ ካለችዎት ደግሞ ከመወሰንዎ በፊት እሷን ይጠይቋት። ቀኑን ሙሉ አብራት የምትውለው፣ አሸዋውን የምታጸዳው እሷ ሆና ሳለ ሳትጠየቅ ሥራ ሲጨመርባት በሁለቱም በኩል ደስ አይልም። ሁለት ድመት አንድ ላይ ማሳደግም አንድ መፍትሔ ነው፤ በሁለት እጥፍ ወጪ።

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆኑ በረንዳውንና መስኮቱን በሽቦ ወንፊት ይሸፍኑ። ወፍ ያየች ድመት ከፍታውን አትለካም።

ስለ ምግብ ትንሽ ልቆይ፤ እኛ አገር ብዙ ድመት የምትጎዳው በዚህ ነውና። የተረፈ ወጥ አይስጧት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፤ ሽንኩርት የሌለው ወጥ ደግሞ የለንም። ወተትም ለብዙ አዋቂ ድመቶች ተቅማጥ ነው። ከሁሉም በላይ በዐቢይ ጾም ወቅት ይጠንቀቁ። ቤቱ 55 ቀን ሽሮና ምስር ላይ ሲሆን ድመቷም አብራ ትጾማለች፤ ድመት ግን ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ከሥጋና ከዓሣ ካላገኘች ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። "ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ" ሲባል እንደ ነቀፋ ነው የምንሰማው፤ ተፈጥሮዋ ግን ያው ነው። ጾሙ ከመግባቱ በፊት የታሸገ የድመት ምግብ ያስቀምጡ፣ ወይም ለእሷ ብቻ የሚሆን ሥጋ ፍሪዘር ውስጥ ይኑር።

በቤቱ ነፍሰ ጡር ካለች አሸዋውን ሌላ ሰው ያጽዳ፣ በየቀኑም ይጽዳ። ቶክሶፕላዝማ የተባለው ተውሳክ ከድመት ሰገራ ጋር ወጥቶ ለመተላለፍ ቢያንስ አንድ ቀን ያህል ስለሚፈጅበት የዕለት ጽዳት አደጋውን በጣም ይቀንሰዋል። ድመቷን ማባረር አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ አስበው አሁንም ከፈለጓት ምናልባት የሚያመጣልዎት ውጭ አገር ያለ ዘመድ ነው። ቡናማ ድመት ሁሉ አቢሲኒያን ስላልሆነች ዘመድዎ የዘር ሐረግ ወረቀት ይጠይቅ። ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይበልጣል። ይህ ዝርያ ቀስ በቀስ ዓይን የሚያሳውር የዘር ሕመምና ደም ማነስ የሚያመጣ ሌላ የዘር ችግር አለበት፤ ሁለቱም በዘረመል ምርመራ ይታወቃሉ። የወላጆቿን የምርመራ ውጤት ለማሳየት የሚያንገራግር ሻጭ ካጋጠመ ግዢው ይቅር። ድድና ጥርሷም ቶሎ ስለሚታመም ጥርስ ማየት የሚችል የእንስሳት ሐኪም ከወዲሁ ያፈላልጉ።

ካልሆነም በግቢዎ አጥር ላይ የምትመላለሰው ድመት አለች። ለሐኪም አሳይተው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትበውና አስመክነው ቢያስገቧት ብቻዋን መዋልን ከአቢሲኒያን በተሻለ ልትችለው ትችላለች። ስም ልጅዎ ያውጣላት።