የመርከብ ነፋስና የእንጦጦ ክረምት

በሐምሌ ወር ከየካ ክፍለ ከተማ ሽቅብ የተመለከተ ሰው የእንጦጦን ተራሮች ብዙ ጊዜ በደመና ተሸፍነው ያገኛቸዋል። ይህን ዝናብ የሚያመጣው የነፋስ ለውጥ በአንድ ዘመን የንግድ መርከቦችን የጉዞ ወራት ይወስን ነበር። ለመሆኑ መርከብንና ተራራን ምን አዛመዳቸው?

እ.ኤ.አ. በ1600 የተመሠረተው የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ከሁለት ምዕት ዓመታት በላይ ሸቀጡን ያመላለሰው በባለሸራ መርከቦች ነው። የመርከቦቹ አራት ማዕዘን ሸራ የሚሠራው ነፋሱ ከኋላ ወይም ከጎን ሲመጣ ነበር፤ በነፋሱ ትይዩ መጓዝ አይቻልም። ስለዚህ መርከበኛው ወቅት ይጠብቃል።

ወቅቱን የሚያፈራርቀው ሞንሱን ነው። የብስ ከባሕር ይልቅ ፈጥኖ ይሞቃል፤ ፈጥኖም ይቀዘቅዛል። ከሰኔ እስከ መስከረም የእስያ ምድር ሲግል አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ በምትኩ ከሕንድ ውቅያኖስ ርጥብ አየር ይገባል። የምድር መሽከርከር አቅጣጫውን ስለሚያጣምመው ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል። በበጋ ወራት ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ ይሆናል። ከሕንድ ወደ ቀይ ባሕር የሚመጡ መርከቦች በዚህኛው መጥተው በዚያኛው ይመለሱ ነበር።

በኋላ የእንፋሎት መርከብ ነፋስ መጠበቅን አስቀረ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1839 ኤደንን ይዞ የድንጋይ ከሰል ማከማቻ አደረጋት። በ1841 በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራው የኩባንያው መልእክተኛ ጓድ በኤደንና በታጁራ በኩል ሸዋ ደርሶ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ።

በእኛም አገር ክረምት የሚገባው በዚሁ የወቅት መፈራረቅ ነው። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታዘነብል የዝናቡ መቀነት አብሮ ይከተላታል። ከሕንድ ውቅያኖስና ከአትላንቲክ በኩል የሚመጣው ርጥብ አየር ከፍታው 3,200 ሜትር ገደማ የሚደርሰውን እንጦጦን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ እንፋሎቱም ወደ ውኃነት ተለውጦ ይዘንባል። ከተራራው በስተ ሰሜን የወረደው ውኃ ወደ ዓባይ፣ በስተ ደቡብ የወረደው ወደ አዋሽ ይሄዳል።

ነፋሱ ሲዛባ የሚያስከትለው ጉዳት ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የኤልኒኖ ክሥተት ክረምቱን አዳክሞ በኢትዮጵያ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ለምግብ ርዳታ ዳርጓል። እንዲህ ያለውን መዛባት ለመረዳት የረጅም ዘመን ልኬት ያስፈልጋል። የኩባንያው መርከበኞች የነፋሱን አቅጣጫና ብርታት በየዕለቱ ይመዘግቡ ነበር፤ ከ18ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ጀምሮም ብዙዎቹ የሙቀትና የአየር ግፊት ልኬት ጨምረዋል። ለአትራፊ ነጋዴ የተጻፉት እነዚያ መዝገቦች ዛሬ የአየር ንብረት ተመራማሪዎች የጥንቱን ሞንሱን የሚያነቡባቸው ሰነዶች ሆነዋል። መርከበኛው ከነፋስ ጥገኝነት ከተላቀቀ ቆይቷል፤ የእኛ ገበሬ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ያንኑ ነፋስ ይጠብቃል።