ጥያቄ የሚመልስ ድረ ገጽ፦ ስድስት ኪሎ ላለ ትንሽ ንግድ

የአዲስ አበባው ስድስት ኪሎ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ውሎ ከዩኒቨርሲቲው ጋር የሚያመሽ ሰፈር ነው። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ከሆነ ወዲህ በዙሪያው ያለው ንግድ ፊቱን ወደ ተማሪውና ወደ መምህሩ አዙሯል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ጽሕፈትና ጥረዛ ቤቱ፣ መጽሐፍ ሻጩ፣ ምግብ ቤቱ፣ ክፍል አከራዩ ሁሉ የሚኖረው ከዚያ ግቢ በሚወጣና በሚገባ ሰው ነው። መንገዱን ይዞ ሽቅብ ለወጣ ደግሞ ሽሮ ሜዳ አለ። የሀገር ባህል ልብስ ሱቆቹ ደንበኛ የከተማው ሰው ብቻ አይደለም፤ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለጥምቀት የሚለበሰውን ከአሜሪካና ከአውሮፓ ሆኖ የሚያዝም ብዙ ነው።

የሚሸጡት ይለያይ እንጂ እነዚህ ሁሉ በቀን ደጋግመው የሚጠየቁት ተመሳሳይ ነው። የት ጋ ናችሁ? ስንት ነው? እስከ ስንት ሰዓት ትሠራላችሁ? ለነገ ይደርሳል? በቴሌብር መክፈል ይቻላል? ለትንሽ ንግድ የሚጠቅም ድረ ገጽ ማለት እነዚህን ጥያቄዎች ስልኩ ከመጮኹ በፊት የሚመልስ ማለት ነው። ውበቱ፣ ቀለሙ፣ የሚንቀሳቀሰው ሥዕል ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ሦስቱ ክፍሎች

ድረ ገጽን ቲም በርነርስ ሊ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1989 ስዊዘርላንድ በሚገኘው ሰርን የተባለ የምርምር ማእከል ሳለ ጠነሰሰው፤ ማእከሉም በ1993 ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ኢንተርኔት ለኢትዮጵያ ሕዝብ አገልግሎት መስጠት የጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ነው። ከዚያ ወዲህ ቴክኖሎጂው ብዙ ቢለወጥም ማንኛውም ድረ ገጽ ዛሬም ከሦስት ነገሮች ይሠራል። አንደኛው ስሙ ነው፤ ባለሙያዎች ዶሜይን ይሉታል። ሁለተኛው ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ነው፤ ይህ ሆስቲንግ ይባላል። ሦስተኛው ጽሑፉና ፎቶው ያለባቸው ገጾች ናቸው።

ስሙን እንደ ታፔላ፣ ሆስቲንጉን እንደ ተከራዩት ቤት፣ ገጾቹን እንደ መደርደሪያ መቁጠር ይቻላል። ቤቱ ቢወደድ ወይም አከራዩ ቢያስቸግር ታፔላውንና ዕቃውን ይዞ ወደ ሌላ ቤት መግባት ይቻላል፤ ደንበኛው ያንኑ ስም ጽፎ ያንኑ ሱቅ ያገኛል። አራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳ የተነሡ ሱቆች ወደየሰፈሩ ሲበተኑ፣ ለዓመታት በእግሩ ይመላለስ የነበረ ደንበኛ የት እንደገቡ የሚነግረው አጥቶ ነበር። የራሱ ድረ ገጽ ያለው ሱቅ እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣበት አንድ መስመር ለውጦ አዲሱን ቦታ ያስታውቃል።

ቴሌግራም እያለ

«የቴሌግራም ቻናል አለኝ፤ ድረ ገጽ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ነጋዴ ጥያቄው ተገቢ ነው። ደንበኛው ያለው በርግጥም ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ነው፤ ቻናሉን መተው አያስፈልግም። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በአገራችን ተገድበው እንደነበር አይረሳም። በእነዚያ ወራት ንግዱን በሙሉ በአንድ ቻናል ላይ ያንጠለጠለ ሰው ደንበኛውን ገደቡን በሚያሳልፍ ቪፒኤን መፈለግ ነበረበት።

ሌላም ምክንያት አለ። ቻናል ላይ የተለጠፈ ዋጋ በማግስቱ በሌላ ልጥፍ ሥር ይቀበራል። ድረ ገጽ ላይ ግን የዋጋ ዝርዝሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፤ ንግዱን ከዚህ በፊት ሰምቶ የማያውቅ ሰውም ጉግል ላይ ፈልጎ ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ ሥራው መከፋፈል አለበት፤ አዲስ ነገር በቻናል ይነገር፣ የማይለዋወጠው መረጃ በድረ ገጹ ይቀመጥ፣ አንዱም ወደ ሌላው ይምራ።

ስሙ በማን ስም ተመዘገበ?

ብዙ ትንንሽ ንግዶች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። ድረ ገጹን የሚሠራው ልጅ ለመቀላጠፍ ብሎ ስሙን በራሱ ኢሜይል ያስመዘግባል። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጁ ሥራ ይቀይራል ወይም ከአገር ይወጣል፤ የእድሳት ማስታወሻው ለእሱ ሲላክ ባለ ሱቁ አይሰማም፤ ስሙ ጊዜው ያልፍና ሌላ ሰው ይወስደዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ስሙ በንግዱ ባለቤት ስምና ኢሜይል ይመዝገብ፤ የይለፍ ቃሉ በባለቤቱ እጅ ይሁን፤ የሚታደስበት ቀን ከንግድ ፈቃድ እድሳት ጋር አብሮ ይጻፍ።

የአገራችንን መለያ ነጥብ ኢቲን የሚመዘግበው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ነጥብ ኮም ነጥብ ኢቲ ለንግድ ድርጅት የተለመደው ነው። ነጥብ ኮም ብቻ የሚፈልግ ከውጭ መዝጋቢ በዶላር መግዛት ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን ምንዛሬው ይታሰብ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ የዶላር ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ በየዓመቱ የሚከፈለው እድሳትም አብሮ ጨምሯል። በብር የሚያስከፍሉ የአገር ውስጥ ሆስቲንግ ሰጪዎች ስላሉ ዓለም አቀፍ ካርድ የሌለው ነጋዴ በእነሱ በኩል መሄድ ይቀለዋል።

ስሙ ሲመረጥ አንድ ፈተና ይበቃል፦ ለሁለት ሦስት ሰዎች በስልክ ይነገራቸውና ይጻፉት። የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ እያንዳንዱ ሰው በራሱ መንገድ ነው የሚጽፈው። በተለያየ አጻጻፍ ከጻፉት ስሙ ይጠር።

የመጀመሪያው ገጽ

ከግቢው በር ማዶ ያለች አንዲት ጥረዛ ቤት ድረ ገጽ ልታሠራ ነው እንበል። በብዙ ድረ ገጾች የመጀመሪያ መስመር ላይ የሚገኘው እንዲህ ያለ ነው፦ «እንኳን ወደ ድረ ገጻችን በሰላም መጡ። ድርጅታችን ጥራት ያለው አገልግሎት ለክቡራን ደንበኞቹ በመስጠት ላይ ይገኛል።» ይህን ያነበበ ተማሪ ምን እንደሚሸጥ እንኳ አላወቀም። መሆን የነበረበት ይህን የመሰለ ነው፦

«የመመረቂያ ጽሑፍ እናትማለን፣ እንጠርዛለን። ከዩኒቨርሲቲው ዋና በር ፊት ለፊት፣ አንደኛ ፎቅ። ፋይሉን በቴሌግራም ይላኩልን፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት የደረሰን ሥራ በዚያው ቀን ይወጣል። የገጽ፣ የስፓይራልና የጠንካራ ሽፋን ዋጋ ከታች በሠንጠረዥ አለ። በቴሌብር፣ በባንክና በጥሬ ገንዘብ እንቀበላለን።»

ሥራው፣ ቦታው፣ አላላኩ፣ ጊዜው፣ ዋጋው፣ አከፋፈሉ በአምስት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተነግሯል። ከሥሩ ሲነኩት የሚደውል ስልክ ቁጥር ይቀመጥ፤ ቁጥሩ በ+251 ቢጀምር ከውጭ አገር ለሚደውልም ይሠራል። ቀጥሎ ቤቱ ራሱ የጠረዛቸው ሥራዎች ፎቶ ይከተል፤ በሽፋኑ ላይ ያለው ወርቃማ ጽሑፍ በቅርብ የተነሣበት፣ የጀርባው ስፌት የሚታይበት። ከኢንተርኔት የተወሰደ የፈረንጅ ቢሮ ፎቶ ለዚህች ቤት አንድም ደንበኛ አያመጣላትም።

ዋጋ መጻፍ የሚፈሩ ነጋዴዎች አሉ፤ ተፎካካሪ ያየዋል ይላሉ። ተፎካካሪው ግን በእግሩ ገብቶም ሊጠይቅ ይችላል። ዋጋ ያላየ ደንበኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሳይደውል ወደሚቀጥለው ያልፋል። እንደ ሥራው የሚለያይ ከሆነ «ከዚህ ጀምሮ» ተብሎ መነሻው ይጻፍ፤ ዋጋው የጸናበት ቀንም ይታከልበት።

በስልክ እንዲከፈት

የስድስት ኪሎ ደንበኛ ድረ ገጽ የሚከፍተው በስልኩ፣ በራሱ የሞባይል ዳታ ነው። ስለዚህ የገጹ ክብደት የደንበኛው ወጪ ነው። በዛሬ ስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ 4 ሜጋ ባይት ገደማ ሊሆን ይችላል። አንድ የግእዝ ፊደል ግን በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ 3 ባይት ብቻ ነው። ሳይቀነስ የተለጠፈ አንድ ፎቶ ከ1 ሚሊዮን 300 ሺህ በላይ ፊደል ያህል ይከብዳል ማለት ነው፤ አሥር እንዲህ ያለ ፎቶ የተደረደረበትን ገጽ ደንበኛው ሳይከፈት ይተወዋል። የፎቶውን ስፋት ወደ 1200 ፒክስል አውርዶ ማስቀመጥ ክብደቱን ወደ 200 ኪሎ ባይት አካባቢ ያወርደዋል፤ በስልክ ላይ ልዩነቱ አይታይም።

ጽሑፉ ጽሑፍ ይሁን። የዋጋ ዝርዝርን እንደ ባነር ሠርቶ በፎቶ መለጠፍ የተለመደ ነው፤ ይሁንና በፎቶ ውስጥ ያለ ቃል በፍለጋ ለመገኘት ይቸገራል፤ ዋጋ ሲለወጥም ባነሩ እንደገና መሠራት አለበት። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ አማርኛ በዛሬ ስልኮች ላይ በትክክል ሊነበብ ይችላል። በድሮዎቹ የአማርኛ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ፋይል ግን ወደ ድረ ገጽ ሲገለበጥ የማይነበብ ምልክት ይሆናል፤ ወደ ዩኒኮድ ሳይቀየር አይለጠፍ።

የአማርኛ ፍለጋ የራሱ ጠባይ አለው። አንዱ «ጽሑፍ»፣ ሌላው «ጽሁፍ»፣ ሦስተኛው «ፅሁፍ» ብሎ ይፈልጋል፤ «ሐበሻ ቀሚስ»ም «ሀበሻ ቀሚስ»ም ይጻፋል። የፍለጋ ሞተሩ ሁሉንም እንደ አንድ ቃል ላይቆጥራቸው ይችላል። በርእሱ ላይ ትክክለኛው አጻጻፍ ይቀመጥ፤ በአገልግሎቱ ማብራሪያ ውስጥ ግን ሰው የለመደው አጻጻፍም፣ በላቲን ፊደል የሚጻፈውም ቦታ ይኑረው።

ቦታና ሰዓት

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው የሚመራው በመንገድ ቁጥር ሳይሆን በታወቀ ቦታ ነው። «ስድስት ኪሎ» ብቻ ብሎ ማቆም አያደርስም። ከየካቲት 12 ሐውልት ወይም ከየካቲት 12 ሆስፒታል ወይም ከአንበሳ ግቢ በየት በኩል እንደሆነ፣ ከታክሲ የት እንደሚወረድ፣ በሕንፃው ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ ይጻፍ፤ የሕንፃው የፊት ለፊት ፎቶ ይታከል። ጉግል ማፕ ላይ ንግዱን ማስመዝገብ ነጻ ነው፤ ጥቅሙም ለአንዳንዱ ሱቅ ከድረ ገጹ አያንስም።

ሰዓት ሲሞላ ጥንቃቄ ያሻል። ካርታው የሚጠቀመው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተከፍቶ ምሽት 1 ሰዓት የሚዘጋ ቤት 8:00 እና 19:00 ብሎ መሙላት አለበት። እንዳለ «2:00» ብሎ የሞላ ሱቅ የሥራ ሰዓቱ ተሳስቶ ይታያል። ድረ ገጹ ላይ ግን ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ቢጻፍ የአገሩም ሰው እንግዳውም አይሳሳትም።

ክፍያና እምነት

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም.፣ ኤም ፔሳ በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ በስልክ መክፈል የተለመደ ሆኗል። ለጀማሪ ድረ ገጽ የነጋዴ ቁጥሩን በግልጽ መጻፍ በቂ ነው። ትእዛዙ ሲበዛ ቻፓን የመሰሉ የክፍያ መተላለፊያዎች ገጹን ከሞባይል ገንዘብና ከባንኮች ጋር ያገናኙታል። የውጭ አገር ደንበኛ ያለው የሽሮ ሜዳ ሱቅ ደግሞ የልብስ ልኬት አወሳሰድን በሥዕል ያሳይ፣ የስፌቱን ጊዜ፣ የማጓጓዣውን ወጪ፣ ልኩ ካልሆነ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ይናገር። ሳያይ የሚከፍል ሰው እምነት የሚጥለው በእነዚህ መልሶች ነው።

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኢንተርኔት ለሚደረግ ውልና መልእክት የሕግ እውቅና ሰጥቷል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ የያዘን ሁሉ ይመለከታል። ጥረዛ ቤት የተማሪ ስም፣ ስልክና ያልታተመ ጥናት በኮምፒውተሩ ይይዛል። «ፋይልዎን ሥራው ካለቀ በኋላ እናጠፋለን» ብሎ በገጹ ላይ መጻፍ፣ የተጻፈውንም መፈጸም ለደንበኛ ትልቅ ክብር ነው።

ከተከፈተ በኋላ

ለድረ ገጽ መሥሪያ ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ ግዴታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ዎርድፕሬስ የተባለ የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ነጻ ነው፤ በዓለም ካሉ ድረ ገጾች ከ10ሩ 4 ያህሉ የሚሠሩት በእሱ ነው፤ ስለዚህም ሠሪው ቢሄድ ሌላ የሚያውቀው ሰው አይጠፋም። ከሠሪው ጋር ሲዋዋሉ ዋጋ መለወጥንና ፎቶ መጫንን ለባለ ሱቁ እንዲያስተምር ይስማሙ። ያረጀ ዋጋ የያዘ ገጽ ካለመኖሩ ይብሳል፤ በድሮው ዋጋ ተማምኖ የመጣ ደንበኛ የተታለለ ይመስለዋል። ለጥረዛ ቤት ደግሞ መመረቂያ ጽሑፍ የሚበዛበት ግንቦትና ሰኔ ከመድረሱ በፊት ገጹን መከለስ የግድ ነው። የሚገባውን ሰው «በምን አገኙን?» ብሎ እየጠየቁ በደብተር መመዝገብም ገጹ መሥራት አለመሥራቱን ይናገራል።

ሠሪው ኮምፒውተሩን ያውቃል፤ ደንበኛው ምን እንደሚጠይቅ የሚያውቀው ግን ከባንኮኒው ጀርባ የሚውለው ሰው ነው። ስለዚህ ድረ ገጽ ለማሠራት ያሰበ ባለ ሱቅ ስለ ቀለም ከመነጋገሩ በፊት ለአንድ ሳምንት በስልክና በአካል የተጠየቀውን ሁሉ ይጻፍ። ደጋግሞ የመጣው ጥያቄ ከላይ ይሁን፣ መልሱም በግልጽ አማርኛ ይጻፍለት። ያን ወረቀት ይዞ ወደ ሠሪው የሄደ ነጋዴ የሥራውን ከባድ ክፍል ጨርሷል።