ስም ከነአያት

በአገራችን ትምህርት ቤት ለመግባት፣ ሥራ ለመቀጠር ወይም መታወቂያ ለማውጣት የሚፈልግ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ስም ከነአያት ነው። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ተብሎ ተራ በተራ ይጻፋል። እኛም ይህን ሦስተኛ ስም ከልጅነታችን ጀምረን ስንጽፈው ኖረናል፤ ነገር ግን ብዕራችንን ገታ አድርገን አያት ማለት ምን እንደ ሆነ ያሰብንበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ዛሬ ጥቂት እንድናስብበት ያደረገን በጅማ ከተማ፣ በቦሳ አዲስ ያየነውና የሰማነው ነገር ነው።

በአንድ እሑድ ጠዋት ከአንድ ወዳጃችን ቤት ቡና ተጠርተን ሄድን። ወዳጃችን ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ከያዘ ገና ዓመት ያልሞላው ወጣት ሲሆን፣ ያሳደጉት የእናቱ እናት ናቸው። ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ረከቦቱ ቀርቦ፣ እኚህ እናት በጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቡና ሲቆሉ፣ ልጁ በአጠገባቸው ሆኖ አንድ የመሥሪያ ቤት ቅጽ ይሞላ ነበር።

«ምንድን ነው የምትጽፈው?» ብለው ጠየቁት።

«ስሜን ነው፣ አኮ። ስም ከነአያት ይላል» ሲል መለሰላቸው። አኮ ማለት በኦሮምኛ ሴት አያት ማለት ነው።

«እንግዲያው እኔንም ጻፈኛ!»

«አይ አኮ፣ የሚጠይቀው የአባቴን አባት ነው።»

እኚህ እናት ምጣዱን ከእሳቱ ላይ አንሥተው ሳቁ። «እሳቸውን አንተ አላየሃቸው፤ እኔም ብሆን ያየኋቸው በሠርጉ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አሉ። እኛም አብረን ሳቅን፤ ነገር ግን ቃላቸው ከልባችን አልወጣም።

ምክንያቱም የዚህን ቤት ታሪክ እናውቃለን። ልጁ የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ እናቱ እንጀራ ፍለጋ ወደ ሌላ አገር ስትሄድ የተረከቡት እኚሁ አያት ናቸው። በከተማው እንጀራ እየጋገሩ ሸጡ፤ በጥቅምትና በኅዳር ቡናው ሲቀላ ደግሞ ሕፃኑን አዝለው ወደ ማናና ወደ ጎማ አገር እየወረዱ በቀን ምንዳ ቡና ለቀሙ። ጥቂት ከፍ ሲልም ትንሽ ቅርጫት ይዞ በጎናቸው ይለቅም ጀመር። የተማረበት ደብተርና የተጫማው ጫማ የተገዛው በዚሁ ገንዘብ ነው። እንግዲህ ስሙ በቅጹ ላይ የሚጻፈው አያት ልጁ ያላወቃቸው ሲሆኑ፣ ላሳደጉት አያት ግን አንድ መስመር እንኳ አልተተወላቸውም።

ይህ የአንድ ቤት ነገር ብቻ አይደለም። ጊብሰንና ሜስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአርሲ ኦሮሞ ገበሬዎች መንደር ያጠኑትን እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመዋል። በዚህም ጥናት ሴት አያት ያለችው ሕፃን ከሌላው ይልቅ በሕይወት የመቈየት ዕድሉ የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። ይልቁንም የእናት እናት ከባዱን የቤት ሥራ ከልጇ ላይ እንደምታቃልል ተመልክተዋል። ክሪስተን ሆክስ የተባሉት አሜሪካዊት ሊቅም በታንዛንያ የሚኖሩትን የሃድዛ ሕዝብ ሲያጠኑ፣ እናት አዲስ ሕፃን ታቅፋ በምትቀመጥበት ጊዜ ከፍ ያለውን ልጅ የምታበላው ከምድር ሥራ ሥር እየቈፈረች የምታመጣ አያት መሆኗን ጽፈዋል። እንደ እኚህ ሊቅ አሳብ፣ የሰው ልጅ ሴት መውለድ ካቆመች በኋላ ረጅም ዘመን የምትኖረው ለልጅ ልጆቿ ስለምትጠቅም ነው።

ከዚህ ጋር የሚቃረን አነጋገር በመካከላችን አለ። አንድ ልጅ ሲሞላቀቅ «አያት ያሳደገው» ይባላል። አያት ጉርሻ ማብዛቷ፣ ከአባት አርጩሜም ማስጣሏ እውነት ነው። ነገር ግን ወዳጃችን በቡናው ማሳ ውስጥ የተማረው ሌላ ነበር። ቀይ ቀዩን ብቻ እንዲለቅም፣ አረንጓዴውን እስኪደርስ እንዲታገሥ፣ የተሰጣውን ጀንፈል ዝናብ ሳይመጣ እንዲሰበስብ አስተምረውታል። የቡና ችግኝ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል፤ ስለዚህ በእርጅናው ዘመን ችግኝ የሚተክል ሰው ለማን እንደሚተክል ያውቃል። ይህ ቅምጥልነትን ሳይሆን ትዕግሥትን የሚያስተምር ትምህርት ነው።

የጅማን ታሪክ ያነበበ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር በጅሬን ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥታቸውን አቁመው ኖረው፣ ከእርሳቸው በኋላ የተተካው የልጅ ልጃቸው አባ ጆቢር አባ ዱላ ነበር። ለልጅ ልጁ ግዛት ያወረሰ አያት በታሪክ ይጻፍለታል። ለልጅ ልጇ ደብተር የገዛች አያት ግን ጸሐፊዋ ያው ያስተማረችው ልጅ ነው፤ እርሱ ካልጻፈላት ሌላ የሚጽፍላት የለም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ተማሪው ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲገባ ዐይኑ ከስልኩ አይነሣም፤ አያቱ አንድ ነገር ሲጠይቁት በግማሽ ቃል ይመልሳል። ሥራ የያዘው ደግሞ ገንዘብ ይልክና ግዴታውን የፈጸመ ይመስለዋል። ገንዘቡ አያስፈልግም አንልም። የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ አበል አለው፤ የግል ድርጅት ሠራተኛም ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ሕግ ወጥቶለታል፤ እንጀራ ሸጣና ቡና ለቅማ ያረጀች ሴት ግን ጡረታዋ ያሳደገችው ልጅ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ሠርቶ ማደር ለማይችል ችግረኛ ቀለብ የመስጠትን ግዴታ በወላጅና በልጅ ላይ ብቻ ሳይወስኑ እስከ አያትና የልጅ ልጅ ድረስ ያደርሱታል። ሆኖም ሕግ ቀለብ ያስቈርጣል እንጂ አጠገብ ተቀምጦ አቦልን፣ ቶናንና በረካን አያስጠጣም።

ሌላም ነገር አለ። እኚሁ እናት አንድ ጊዜ ለጉዳያቸው ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደው፣ በመስኮቱ የተቀመጠው ወጣት ቀና ብሎ ሳያያቸው ሦስት ቀን «ነገ ይምጡ» እያለ እንደ መለሳቸው አጫወቱን። ቂም አልያዙበትም። «እሱንም አያት ሳታሳድገው አትቀርም፤ ነገር ግን ረስቷታል» አሉ። ከዚህ የከበደ ወቀሳ በማመልከቻ ተጽፎ አናውቅም። በቤቱ አያቱን የሚያከብር ሰው በመሥሪያ ቤቱ የሌላውን አያት ካላከበረ፣ ክብሩ ከደጁ ያልወጣ ክብር ነው።

በዚያች እሑድ ቅጹ ተሞልቶ ወደ ኪስ ከገባ በኋላ፣ ወዳጃችን አንድ ደብተር አወጣና «አኮ፣ የአንቺ እናት ስም ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። እርሳቸውም ነገሩት፤ ጻፈ። «የእርሷስ እናት?» ነገሩት፤ ጻፈ። ስለ ሦስተኛዋ ሲጠይቃቸው ግን ስኒውን እንደ ያዙ ዝም አሉ። «እኔም ሳልጠይቅ ቀረሁ» አሉ በመጨረሻ። በረካው እስኪቀዳ ድረስ ማንም አልተናገረም።

ስለዚህ፣ ወጣት አንባቢያችን ሆይ፣ አያት ካለህ ዛሬ እሑድ ነውና ሂድ፤ ሩቅ ከሆነም ደውል። ከማን እንደ ተወለዱ፣ በልጅነታቸው ምን እንዳዩ፣ አንተን እንዴት እንዳሳደጉ ጠይቀህ ጻፍ። ነገም በመስኮትህ ፊት አንዲት እናት ምርኩዛቸውን ይዘው ሲቆሙ ተነሥተህ ወንበር ስጥ፤ ጉዳያቸውንም በዚያው ቀን ፈጽም። ለእነዚህ እናቶች በቅጹ ላይ ቦታ ባይኖራቸውም በልባችንና በሥራችን ቦታ ሊኖራቸው ይገባል እንላለን።