ስለ ዝናምና ስለ ምንጭ

በክረምት ጧት በሞላሌ ከተማ ከቤቱ የሚወጣ ሰው፥ ጉም ከምሥራቁ ገደል ተነሥቶ አገሩን ሲያለብሰው ያያል። ፀሐይ በበረታች ጊዜ ጉሙ ስለሚጠፋ፥ ውሃው ጠፍቶ የቀረ ይመስላል፤ ነገር ግን ውሃ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም።

በምድር ላይ ካለው ውሃ ከመቶው 97ቱ እጅ የባሕር ጨው ውሃ ነው። የፀሐይ ሙቀት ከባሕርና ከርጥብ መሬት ላይ ውሃውን ተን አድርጎ ያነሣዋል፤ ዛፍና ሣርም ከሥራቸው የሳቡትን በቅጠላቸው ይተነፍሱታል። ጨው ከተኑ ጋራ ስለማይነሣ፥ የዝናም ውሃ ጨው የሌለበት ሆነ። ነፋስም ተኑን ከሩቅ ባሕር ተሸክሞ ወደ ደጋው ያወጣዋል። አየር ወደ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛልና ተኑ ረቂቅ ጠብታ ይሆናል፤ ደመናና ጉም የሚባለውም ይኸው ነው። ጠብታው እየተጋጠመ በከበደ ጊዜ ዝናም ወይም በረዶ ሆኖ ይወርዳል።

ለዚህ የውሃ ዙረት የመንዝ ምድር መልካም ምስክር ነው። ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ካለው ከዚህ ደጋ በምሥራቁ ተረተር ላይ ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት ጠብታዎች መንገዳቸው ይለያያል። አንዱ ወደ ቆላው ወርዶ ከአዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ሁለተኛው በሞፈር ውሃ፥ በአዳባይ ወይም በወንጪት አድርጎ ከጀማ፥ ከዚያም ከዓባይ ገብቶ ወደ ሜዲቴራኒያን ባሕር ይጓዛል። ከሐይቁም ሆነ ከባሕሩ ፀሐይ እንደ ገና ታነሣዋለች።

ለባላገሩ ግን ዋናው ሦስተኛው ጠብታ ነው፤ ይኸውም ወደ መሬት ሰርጎ በበጋ ምንጭ ሆኖ የሚወጣው ነው። ወንዞቹ በጥልቅ ገደል ውስጥ ስለሚወርዱ፥ በደጋው ላይ የሚኖሩ ሰውና ከብት ተስፋቸው ምንጩ ነው። መሬቱ በተራቈተ ጊዜ ዝናሙ መስረጉን ትቶ አፈሩን ይዞ በጎርፍ ይሄዳል፤ በበጋም ምንጩ ይደርቃል። ያን ጊዜ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የተባለው ተረት በመንዝ ሰው ላይ ይፈጸማል።

ይህ እንዳይሆን ምን ማድረግ እንደሚገባ ከሞላሌ በስተ ሰሜን ያለው የጓሳ ምድር ያስተምራል። በዚያ የበቀለው የጓሳ ሣር ዝናሙን አዘግይቶ ለመሬት ያስረክባል። የመንዝ አባቶች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት አለቃ መርጠው፥ ሣሩን ለዓመታት እየዘጉ በጊዜውም ለአጨዳና ለግጦሽ እየከፈቱ ጠበቁት። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ ሥርዓቱ ቢፈርስም፥ ሕዝቡ ኋላ እንደ ገና ተደራጅቶ ጥበቃውን አቆመ።

እንግዲህ ዝናምን ማዝነብ የሰው ሥራ አይደለም፤ የዘነበውን ማስቀመጥ ግን የሰው ሥራ ነው። በእርሻው እርከን የሠራ፥ የምንጩን ራስ ከከብት እግር የከለለ፥ ተረተሩን ከሣሩ ያላራቈተ ሰው ለልጆቹ ውሃ አኖረላቸው።