ተጋጣሚዎች አንድ ሜዳ ሲጋሩ ስለሚጠበቀው ሥርዓት

ሁለት ተጋጣሚዎች ለአንድ ግብ ሲሽቀዳደሙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ የቦታ ጥያቄ ነው። ይህን ስፍራ ለመያዝ መብት ያለው ማን ነው? ጥያቄው በደንብ ካልተመለሰ እግር ይሰበራል፤ የብዙ ዓመት ልምምድም በአንድ ቅጽበት ከንቱ ይሆናል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልዩ ልዩ ስፖርቶች የሰጡትን መልስ በሦስት ከፍለን እንመረምራለን።

የመጀመሪያው መልስ መለየት ነው። 18 ሜትር ርዝመትና 9 ሜትር ስፋት ያለው የመረብ ኳስ ሜዳ ከመካከሉ እኩል ይከፈላል። የተጫዋች እግር የመካከሉን መስመር ቢነካ ጥፋት አይሆንም፤ ጨርሶ ተሻግሮ የባላጋራውን ሜዳ ከረገጠ ግን ጥፋት ነው። ዘልሎ የወረደ ሰው በሌላው እግር ላይ ቢያርፍ ቁርጭምጭሚቱ ሊወለም ስለሚችል ሕጉ ያለ ምክንያት አልወጣም። በ100 ሜትር ሩጫም እያንዳንዱ ሯጭ 1.22 ሜትር ስፋት ያለው የራሱ መስመር አለው። እንዲህ ባሉት ስፖርቶች ስለ መነካካት ብዙ ሕግ አያስፈልግም፤ መስመሩ ራሱ ዳኛ ነው።

ሁለተኛው መልስ መፈራረቅ ነው። ስኳሽ የሚባለው ጨዋታ በአራት ግድግዳዎች መካከል፣ 9.75 ሜትር በ6.40 ሜትር በሆነ ሜዳ ላይ ይደረጋል። መረብ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ፊታቸውን ወደ አንድ ግድግዳ አዙረው አንዲቱን ኳስ በየተራ ይመታሉ። ስለዚህ የመታው ሰው ወዲያው ዘወር ብሎ ለባለተራው መንገድ መልቀቅ አለበት። ለመልቀቅ ጥሮ ካልሆነለት ጨዋታው ይደገማል፤ ሳይጥር ከቀረ ግን ነጥቡ ለተከለከለው ይሰጣል።

ሦስተኛው መልስ መጋራት ነው። በእግር ኳስ ማንኛውም ተጫዋች በቆመበት ስፍራ የመቆም መብት አለው። በባላጋራ መንገድ ላይ ቆሞ መገኘትና ሆን ብሎ መንገዱ ውስጥ መግባት በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ጄምስ ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1891 ቅርጫት ኳስን ሲፈጥር መግፋትን፣ መያዝንና መጥለፍን ገና ከመነሻው ከልክሏል። በዛሬው ሕግ ደግሞ ከስፍራው ወደ ላይ የዘለለ ሰው በዚያው ስፍራ የማረፍ መብት ስላለው፣ እርሱ በአየር ላይ ሳለ ከሥሩ የሚገባ ጥፋተኛ ነው።

በአገራችን የገና ጨዋታ ሜዳው በመስመር አይከለልም፤ የተጫዋቹም ቁጥር አይወሰንም። ሁሉም ሩሯን ተከትሎ በዱላ ይመታል፤ የጌታም እግር ከምት አይድንም። ነገር ግን በዚያ ዕለት ጌታው እንዳይቆጣ ልማድ ያዘዋል። እንግዲህ እዚህ የተደነገገው የቦታ ሕግ ሳይሆን የቁጣ ሕግ ነው ማለት ይቻላል።

ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ ሆኖ ያገኘነው የረጅም ርቀት ሩጫ ነው። በ10,000 ሜትር ውድድር ሯጮች 25 ዙር የሚሮጡት መስመር ሳይለያቸው ነው። ከአንደኛው መስመር ወጥቶ በሁለተኛው የሚሮጥ ሰው በየዙሩ ከ7 ሜትር የበለጠ፣ በጠቅላላው ከ175 ሜትር የበለጠ ትርፍ መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ ሁሉም ያንኑ ጠባብ ስፍራ ይሻሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በሴቶች የ3,000 ሜትር ፍጻሜ የሜሪ ዴከርና የዞላ በድ እግር ተጋጭቶ ዴከር ወደቀች፤ ውድድሩንም አልጨረሰችም። በድ በመጀመሪያ በማደናቀፍ ጥፋት ተሰርዛ ነበር፤ ፊልሙ ከተመረመረ በኋላ ግን ውሳኔው ተሻረ። ይሁን እንጂ የወደቀችው ሯጭ የተሻረውም ሆነ የጸናው ውሳኔ ውድድሩን አይመልስላትም።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት መደምደሚያ ይህ ነው። መስመር ግጭትን አስቀድሞ ይከለክላል፤ ዳኛ ግን የሚፈርደው ግጭቱ ከሆነ በኋላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው የተጫዋቹ ጥንቃቄ ብቻ ነው። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ ወጣቶችን የሚያሠለጥኑ ሁሉ ኳስ መምታትንና መፍጠንን ከማስተማራቸው ጋር፣ ለሌላው ስፍራ መልቀቅንም እንደ አንድ የጨዋታ ችሎታ ቢያስተምሩ መልካም መስሎ ይታየናል።