አስታማሚው ከበር ሲመለስ

«አይንቀሳቀሱ፤ አየር ወደ ውስጥ ይሳቡ፤ ይያዙት።» ራጅ የተነሣ ሰው ይህን ያውቀዋል። ትእዛዙ ቀላል የሚሆነው ግን የተባለውን ለጥቂት ጊዜ ማስታወስ ለሚችል ነው። አልዛይመር፣ ማለትም ዋነኛው የመርሳት በሽታ (ዲሜንሺያ) ዓይነት፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያጠቃው የቅርቡን ትዝታ ነው። ስለዚህ አንዲት ታማሚ አልጋው ላይ ተመቻችተው ሳይተኙ ለምን እንደመጡ ሊጠፋቸው ይችላል። ተነሥተው ልሂድ ቢሉ እልኸኝነት አይደለም፣ ፍርሃት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ዲሜንሺያ እንደነበረባቸው ይገምታል። ከ60 በመቶ የሚበልጡት የሚኖሩት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ነው። በእኛ ዘንድ ብዙዎች «ጃጅተዋል» ተብለው ቤት ይቀራሉ፤ ይህ ደግሞ አንዳንዴ ሊድን የሚችል ሰው ያሳጣናል። አዛውንት አዳልጧቸው ሲወድቁ፣ ምቱ ቀላል እንኳ ቢሆን፣ በአንጎልና በራስ ቅል መካከል ደም ቀስ እያለ ሊጠራቀም ይችላል። ከሳምንታት በኋላ መርሳትና ግራ መጋባት ይመጣል። ሲቲ ስካን ይህን በደቂቃዎች ያሳያል፤ ደሙ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ብዙዎች ይሻላቸዋል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የታይሮይድ ሆርሞን ማነስም መርሳት ያመጣሉ፤ እነሱ በደም ምርመራ ይለያሉ።

ለካፋ ሰው ሌላ ችግር ይጨመራል። ከቦንጋ ተነሥቶ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሚላክ ታማሚ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚደርሰው አማርኛና አፋን ኦሮሞ ወደሚነገርበት ሆስፒታል ነው። በካፊኖኖ አፋቸውን የፈቱ እናት አማርኛን የተማሩት ካደጉ በኋላ ከሆነ፣ በሽታው ሲገፋ ቀድሞ ሊከዳቸው የሚችለው ይኸው ኋላ የመጣው ቋንቋ ነው። ባለሙያው ሲያናግራቸው ዝም ቢሉት ያኮረፉ ይመስለዋል። ሌላም አደጋ አለ። «ወይዘሮ እገሌ ነዎት?» ሲባሉ፣ የተጠራው የሌላ ሰው ስም ቢሆን እንኳ፣ «አዎ» ሊሉ ይችላሉ። ጨረር በሚሰጥበት ክፍል ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። ጥያቄው «ስምዎ ማን ነው?» መሆን አለበት፤ መልሱም ከካርዱና ከአስታማሚው ጋር ይመሳከር።

አስታማሚው ግን የት አለ? አገራችን ውስጥ ታማሚ ብቻውን ሐኪም ቤት አይሄድም፤ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አብሮ ይመጣል። ይህ ትልቅ ሀብት ሳለ፣ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት «አስታማሚ ውጭ ይቆይ» እንላለን። ትእዛዙ ሰውን ከጨረር ለመጠበቅ ነው፣ ልክም ነው። ሆኖም በራጅና በሲቲ ስካን ክፍል የግድ ሲሆን፣ እርጉዝ ያልሆነ አንድ አዋቂ የእርሳስ መከላከያ ለብሶ አጠገባቸው መቆም ይችላል። ኤምአርአይ እንዲህ ያለ ጨረር የለውም። የሚያሰጋው ኃይለኛው ማግኔት ነው፤ ድምፁም ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል። በሰውነቱ ውስጥም በኪሱም ብረት እንደሌለበት የተረጋገጠ ዘመድ፣ ጆሮውን ሸፍኖ እግራቸውን ይዞ ሊቀመጥ ይችላል።

የጨረር ሕክምና ይከብዳል። ማሽኑ ሲሠራ ከታካሚው በቀር ማንም እዚያ ክፍል አይቀርም። ባለሙያዎቹ በካሜራ እያዩ በድምፅ ማጉያ ይናገራሉ። ትዝታው ለደከመ ሰው ተናጋሪው የማይታይ ድምፅ ያስደነግጣል፤ ማን እንደተናገረ ለማየት አንገቱን ያዞራል፤ የተስተካከለው አተኛኘትም ይፈርሳል። ማይክሮፎኑን ለልጁ መስጠት ግን ምንም ወጪ የለውም። እናቱን በካፊኖኖ «እዚሁ ነኝ» ይበላቸው።

የሕክምናው ቀናት ብዛትም ይታሰብበት። ለሳምንታት በየቀኑ መመላለስ ማለት ለካፋ ቤተሰብ ጅማ ቤት ተከራይቶ መክረም ነው፤ እንግዳ ቤት ደግሞ ግራ መጋባትን ያባብሳል። ካንሰሩ ወደ አጥንት ተሠራጭቶ ሕክምናው ሕመም ለማስታገስ ብቻ ከሆነ፣ በአንድ ቀን የሚሰጥ 8 ግሬይ ጨረር ሕመሙን በማስታገስ ረገድ ከብዙ ቀናቱ ጋር እንደሚተካከል በጥናት ተረጋግጧል። አንዳንዴ ሊደገም ይችላል፤ ቢሆንም ቤተሰቡ ሐኪሙን ደፍሮ ሊጠይቀው ይገባል።

ታማሚው እንዳይንቀሳቀስ ማረጋጊያ ወግቶ ማስተኛቱ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፤ አዛውንቱን የባሰ ሊያቃዥና ሊጥል ይችላል። ከዚያ በፊት አስታማሚው ለባለሙያው የሚነግረው ብዙ ነገር አለው፦ በየትኛው ጆሮ እንደሚሰሙ፣ በቀኑ በየትኛው ሰዓት ረጋ እንደሚሉ፣ ሲያማቸው ፊታቸውን እንዴት እንደሚያኮማትሩ፣ ስለ ልጆቻቸው ወይስ ስለ ንብ ቀፏቸው ሲጠየቁ ፊታቸው እንደሚፈታ።