ሁለት ሥራ ያላት እናት የወሊድ ደመወዟን የሚከፍላት ማን ነው?

(በሬድዮ ከተሰማው ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በብዙ ቤት የሚገኝ፣ ነገር ግን በጥቂት ሰው ብቻ የሚታወቅ ነው። ይኸውም በሁለት አሠሪዎች ዘንድ ተቀጥራ የምትሠራ ሴት በፀነሰችና በወለደች ጊዜ የፈቃድ ደመወዟን የሚከፍላት ማን ነው? አንደኛው ነው ወይስ ሁለቱም? የሚለው ጥያቄ ነው።

ነገሩ በግልጽ እንዲታየን አንድ ምሳሌ እናቁም። በወላይታ፣ በሃላሌ ከተማ የምትኖር አንዲት ሴት አለች እንበል። ከጧት እስከ ቀትር በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ ትጽፋለች፤ በወርም 6,000 ብር ታገኛለች። ከቀትር በኋላ ደግሞ በአንድ የግል ክሊኒክ ለበሽተኞች ካርድ ታወጣለች፤ ከዚያም 2,400 ብር ይከፈላታል። ቤቷ የሚተዳደረው በሁለቱ ድምር ነው፤ የቤት ኪራዩ ከአንዱ፣ ቆጮውና ቅቤው ከሌላው ይወጣል።

ሆዷ በገፋ ጊዜ ለሁለቱም አሠሪዎቿ አስታወቀች። ትምህርት ቤቱ «እሺ፣ በሰላም ያገላግልሽ» አላት። ክሊኒኩ ግን «የምትወልጂው አንድ ልጅ ነው፤ ደመወዝሽንም ትምህርት ቤቱ ይከፍልሻል። እኛ ዘንድ ያለሽ የግማሽ ቀን ሥራ ስለ ሆነ ስትመለሺ እንነጋገራለን» ሲል መለሰላት። ሴትየዋም አነጋገሩ እውነት መስሏት እጅ ነሥታ ወጣች።

እንግዲህ ይህ መልስ ከሕጉ ጋር የሚስማማ እንደ ሆነና እንዳልሆነ እንመርምር።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች የወሊድ ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። ይህንንም መብት በቀንና በወር ለክቶ የሚያስረዳው በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ነው። በዚህ አዋጅ አንቀጽ 88 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30 ተከታታይ ቀን፣ ከወለደች በኋላም 90 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣታል። ከዚያ በፊት በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 377 ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 60 ቀን ብቻ ስለ ነበረ አዲሱ አዋጅ ለእናቲቱ አንድ ወር ጨምሮላታል ማለት ነው።

የፅንሱን ሁኔታ ለመመርመር ወደ ሐኪም የምትሄድበትም ጊዜ ደመወዝ የሚከፈልበት ነው፤ አሠሪው የሐኪም ማስረጃ እንድታቀርብ ሊጠይቃት ይችላል። የ30 ቀኑ ፈቃድ አልቆ ሳትወልድ ብትቀር እስክትወልድ ድረስ ተጨማሪ ፈቃድ ታገኛለች። 30 ቀኑ ሳይሞላ ብትወልድ ደግሞ 90 ቀኑ ከወለደች በኋላ መቆጠር ይጀምራል። ከዚህም ሌላ ነፍሰ ጡር ሴት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዳትሠራ፣ የትርፍ ሰዓት ሥራም እንዳትታዘዝ አዋጁ ይከለክላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አዋጁ ሁለት ሥራ ስላላት ሴት የተለየ አንቀጽ አላወጣም። ነገር ግን የሥራ ውል የሚቆመው አንድ ሰው በአሠሪው መሪነት ደመወዝ እየተከፈለው ሊሠራ በተስማማ ጊዜ ነው። ስለዚህ ሁለት አሠሪ ያላት ሴት ሁለት ውል አላት፤ ከእያንዳንዱም ውል የሚመነጨው ግዴታ ለየራሱ የቆመ ነው። አንቀጽ 88 ፈቃዱን ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ሲሰጥ ሌላ አሠሪ የሌላት እንደ ሆነች ብቻ አላለም፤ ሙሉ ቀን የምትሠራ መሆን አለባትም አላለም፤ ይህን ያህል ወር ያገለገለች ብሎም ወሰን አላበጀም። ትምህርት ቤቱ የራሱን ዕዳ በከፈለ ጊዜ የክሊኒኩ ዕዳ ተከፈለ ሊባል አይቻልም። ሁለት ሰዎች ከአንድ ገበሬ ለየብቻ እህል ቢገዙ፣ የአንደኛው መክፈል ሁለተኛውን ነፃ እንደማያወጣው ያለ ነው።

በምሳሌያችን ያለችው ሴት 120 ቀኑን በሙሉ ብትወስድ፣ በእኛ አቆጣጠር ወሩ 30 ቀን ስለ ሆነ አራት ወር ይሆናል። ግብርና የጡረታ መዋጮ ሳይቀነስ ከትምህርት ቤቱ 24,000 ብር፣ ከክሊኒኩ 9,600 ብር፣ በድምሩ 33,600 ብር ሊደርሳት ይገባል። የክሊኒኩን ቃል አምና ዝም ብትል 9,600 ብር በከንቱ ቀረባት ማለት ነው። ይኸውም የሚቀርባት አራስ ሆና ገንፎና ቅቤ፣ የሕፃኑም ልብስና የሐኪም ዋጋ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው።

ይሁን እንጂ ሁለተኛ ገቢ ሁሉ ሁለተኛ ውል አይደለም። ይህን አለማስተዋል ብዙ ሰው ያሳስታል። አንደኛ፣ በዚያው በአንድ አሠሪ ዘንድ የሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ ሌላ ውል አይደለም፤ አዋጁም የትርፍ ሰዓት ክፍያን፣ የውሎ አበልንና የመጓጓዣ አበልን ከደመወዝ አይቆጥራቸውም። ሁለተኛ፣ በራሷ ገንዘብና በራሷ ኪሣራ የምትነግድ፣ ለምሳሌ ከሥራ መልስ በሶዶ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ ሴት፣ ለዚያ ንግዷ አሠሪ ስለሌላት የፈቃድ ደመወዝ የሚከፍላት የለም። ሦስተኛ፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚያገለግሉ ሴቶች በዚህ አዋጅ ውስጥ አልተካተቱም። በሳምንት በሁለትና በሦስት ቤት ልብስ አጥበው የሚኖሩ ብዙዎች ስለ ሆኑ ይህ ገና ሕግ አውጪዎች ሊያስቡበት የሚገባ ከባድ ጉድለት ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆነችስ? ወላይታ ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ስለ ሆነች በከተማይቱ የመንግሥት ቢሮዎች ብዙ ናቸው። ቀን በመንግሥት ሆስፒታል ወይም ትምህርት ቤት ውላ ማታ በግል ድርጅት የምትሠራ ሴት በመንግሥቱ ሥራ በኩል በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ፣ በግሉ ሥራ በኩል ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ትተዳደራለች። አንዱ ሕግ ሌላውን አይሽረውም። ነገር ግን ሁለተኛውን ሥራ ከመያዟ በፊት መሥሪያ ቤቷ በውጭ መሥራትን የሚፈቅድ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባታል።

በሌላ አገርስ እንዴት ነው ብትሉ፣ በእንግሊዝ አገር ሁለት አሠሪ ያላት ሴት በእያንዳንዱ ዘንድ የአገልግሎት ዘመኑንና የደመወዙን ልክ ካሟላች ከሁለቱም የወሊድ ክፍያ ታገኛለች፤ ክፍያውም እስከ 39 ሳምንት ይደርሳል። እዚያ ግን አሠሪው ከከፈለው ገንዘብ አብዛኛውን መንግሥት ይተካለታል። በእኛ አገር አሠሪው የሚከፍለው ሁሉ ከራሱ ኪስ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪውም 11 በመቶ ለጡረታ ያዋጣሉ፤ ይህ መዋጮ ግን ለእርጅና፣ ለጉዳትና ለተተኪዎች እንጂ ለወሊድ አይውልም።

ስለዚህ ለአሠሪውም ወገን ፍርድ እንስጥ። አራትና አምስት ሠራተኛ ብቻ ያሉት ክሊኒክ ለአንዲቱ የአራት ወር ደመወዝ ከፍሎ፣ በቦታዋ ደግሞ ሌላ ሰው መቅጠር ይከብደዋል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው የወሊድ ጥበቃ ስምምነት ቁጥር 183 ክፍያው በማኅበራዊ ዋስትና ወይም በመንግሥት ገንዘብ እንዲሸፈን፣ በመሠረቱም አሠሪው ብቻውን እንዳይሸከመው ያመለከተው በዚህ ምክንያት ነው። ሸክሙ በአሠሪው ላይ ብቻ ሲወድቅ ሴት መቅጠርን የሚሸሽ ይበዛልና። ሆኖም ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ የሸክሙ ክብደት ዕዳውን አይሰርዘውም፤ ከአሠሪው ይልቅ አራሲቱ ደካማ ናትና።

እንግዲህ እኅቶቻችን ምን ያድርጉ? መጀመሪያ፣ ውላቸውን በጽሑፍ ይያዙ። ውሉ በቃል ብቻ የተደረገ እንደ ሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ቃል የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ እንዲሰጥ አዋጁ ያዝዛል፤ ደብዳቤው ባይሰጥም የሠራተኛዋ መብት አይጠፋም። ሁለተኛ፣ የሐኪሙን ማስረጃ በሁለት ቅጂ አድርገው ለሁለቱም አሠሪዎች ያቅርቡ፤ የፈቃዱንም ጥያቄ በጽሑፍ አድርገው የደረሰበትን ቀን ያስፈርሙ። ሦስተኛ፣ ሁለቱ ፈቃዶች በአንድ ቀን እንዲጀምሩ ያድርጉ። ፈቃዱ የተሰጠው ለዕረፍትና ሕፃኑን ለማጥባት ስለ ሆነ ከአንዱ ዘንድ ፈቃድ ወስዶ በሌላው ዘንድ መሥራት ለጤናም ለክርክርም አይበጅም።

«አልከፍልም» የሚል አሠሪ ቢገጥማቸው መጀመሪያ በትሕትና አዋጁን ያሳዩት። እምቢ ካለ የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚመለከተው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ወዳለው የሥራ ክርክር ችሎት ማመልከት ይቻላል። ነገር ግን ቀን ይቈጠር። ያልተከፈለ ደመወዝ የሚጠየቀው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ነው፤ ከዚያ ካለፈ በይርጋ ይታገዳል። አራስ ሴት ልጇን ስትታቀፍ ስድስት ወር ሳታውቀው ያልፋልና ባል፣ እናት ወይም እኅት ይህን ቀን ያስታውሷት።

ብጠይቅ ከሥራ እባረራለሁ ብላ የምትፈራ ብትኖር፣ አሠሪው በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደችም በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ ከእርግዝናዋና ከወሊዷ የተነሣ ውሏን ሊያቋርጥ እንደማይችል ትወቅ።

በምሳሌ ያነሣናት የሃላሌዋ ሴት ይህን ጽሑፍ ብታነብ ነገ ወደ ክሊኒኩ ተመልሳ ደብዳቤዋን ታስገባ ነበር። እንደ እርሷ ያለች ጎረቤት ያላችሁ አንባቢዎች ጋዜጣውን አንብባችሁ ስትጨርሱ ስጧት፤ ማንበብ የማትችል ብትሆን ደግሞ አንብቡላት።